መጀመሪያ የመቀመጫዬን

ዝንጀሮን መላ ሰውነቷን እሾህ ወግቷት «ከየት እንጀምርልሽ?» ቢሏት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው መንዜ ሳይሆን አይቀርም። በመንዝ ያለው የጓሳ ሜዳ ጭላዳ ዝንጀሮ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል። ቦታ ሲቀይር እንኳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው።

እኛም ዛሬ እጃችንን ስንዘረጋላችሁ ከመቀመጫው እንጀምር ብለን ነው። ስለ ጭላዳ ሲወራ ጎብኚው ይነሳል፣ ፎቶው ይነሳል። ገበሬው የተቀመጠበት እሾህ ግን ጭላዳ የሚበላበት የገብሱ ነገር ነው።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል። ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው። ገብስም እኮ ሣር ነው፤ ያውም የጣፈጠ!

እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ወንጭፍ ይዤ ማሳ ጠብቄያለሁ። ጭላዳ ልጅና አዋቂ ይለያል። አባቴ ብቅ ሲል ወደ ገደሉ የሚተመው መንጋ እኔን ሲያይ ቀና ብሎ አይቶኝ መብላቱን ይቀጥላል። ገብሱ ካሸተ እስኪታጨድ ትምህርት ቤት የለም። አሁን ተራው የእህቴ ልጅ ሆኗል።

የጓሳ ሰው ጥበቃን ከማንም አልተማረም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ወገኖች ቀሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ሲደርስ ይከፈታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ተናጋ። ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አላየም፤ በኋላ በአዲስ መልክ አደራጅቶት ጓሳ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሀል ሰላማዊ መስሎ እየተዘዋወረ አይጡን ይለቅማል። ይህን ያቆየ ሰው ገብሱን ብቻውን ይክፈል ማለት ግፍ ነው።

ያሰብነው ቀላል ነው። አዲስ አበባ ያለን የአካባቢው ልጆች ከገበሬዎቹ ጋር ተነጋግረን ከየመንደሩ 6 አዋቂ ጠባቂዎች እንቅጠር ብለናል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ለ3 ወር። ጥይትም ወጥመድም የለም። ጅራፍ፣ ጩኸትና ጠንካራ እግር ይበቃል። ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ይመለሱ።

የሚያስፈልገው የጠባቂዎቹ ደመወዝ፣ ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስና ለሌሊቱ ብርድ ባና፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። የጓሳን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል።

ገንዘቡን ለእድራችን ገንዘብ ያዥ ስጡ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ወጪው በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ውጭ አገር ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። 100 ብርም አትናቁ። እስከ መስከረም መጨረሻ ቢደርስ ገብሱን እንቀድመዋለን። ቦቲና የዝናብ ልብስ በዓይነት እንቀበላለን። ባና ግን ከዚህ አትግዙ፤ እዚያው የመንዝ ሴቶች ከፈተሉት ሱፍ የተሠራውን እንገዛለን።