ለአምስት ዓመቱ ዕቅድ ኮሚቴ ለተመረጠችው ልጄ

የኔ ልጅ፣

በትምህርት ቤቶች ዲስትሪክቱ የዕቅድ ኮሚቴ የተማሪዎች ተወካይ ሆነሽ መመረጥሽን ስሰማ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ የአምስት ዓመቱን ዕቅድ ረቂቅ ላክሽልኝና «አባዬ፣ አንብበውና የመሰለህን ንገረኝ» አልሽኝ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ ግን ሁለታችንም እንቸኩላለን። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቶሎ አልፌያቸዋለሁ። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። ማንም የማይቃወማቸው ቃላት ናቸው። ኮሚቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ላይ መጨቃጨቅ ይወዳል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያሳምሩ ይመሻል። እነሱ ሲጨቃጨቁ አንቺ ከኋላ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቢ።

ቁም ነገሩ እዚያ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ በሦስተኛ ክፍል በደንብ የሚያነቡ ልጆች ይበዛሉ። የሒሳብ ውጤት ይጨምራል። የሚመረቁት ይበዛሉ። ከትምህርት የሚቀሩት ይቀንሳሉ። ግቦቹ መጥፎ አይደሉም። እኔ ግን እያንዳንዱን ሳነብ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ይህ እንዲሆን አዋቂዎቹ ምን ለውጠው ሊሠሩ ነው? ልጆቹ የሚያደርጉት በቁጥር ተቀምጧል። ያነባሉ፣ ያልፋሉ፣ ይመረቃሉ፣ አይቀሩም። የቦርዱ፣ የሱፐርኢንተንደንቱ (የዲስትሪክቱ ዋና ኃላፊ) እና የዋናው ቢሮ ድርሻ ሲመጣ ቁጥሩ ጠፋ። «ይደግፋል»፣ «ያጠናክራል»፣ «ትኩረት ይሰጣል»። በስንት ሰው? በየትኛው በጀት? እስከ መቼ? ዝም።

ይህ አገር፣ አሜሪካ፣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር በትልቁ ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ «ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» የተባለውን ሕግ ፈረሙ። ሁለቱም ፓርቲዎች የደገፉት ሕግ ነበር። እስከ 2014 ድረስ የአገሪቱ ተማሪ በሙሉ በንባብና በሒሳብ ብቁ ይሁን አለ። መቶ በመቶ! ያኔ እኛ ገና እዚህ አገር አልመጣንም። 2014 መጣ፤ መቶ በመቶ የደረሰ ስቴት አልነበረም። እንዲያውም ፌዴራል መንግሥቱ ቀድሞ ነገሩ ስለገባው፣ ከ2012 ጀምሮ ስቴቶችን ከግዴታው ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። የማለፊያ ነጥባቸውን ዝቅ አድርገው ያሻሻሉ የመሰሉ ስቴቶችም ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

የባሰም አለ። አትላንታ ውስጥ ውጤት ካልጨመረ ሥራ ይታጣል የሚል ፍርሃት ትምህርት ቤቶቹን ይዟቸው ነበር። በ2011 የጆርጂያ ስቴት መርማሪዎች በ44 ትምህርት ቤቶች ማጭበርበር ተፈጽሟል አሉ። መምህራንና ርዕሳነ መምህራን የልጆቹን የመልስ ወረቀት እየደመሰሱ ያስተካክሉ ነበር። በ2015 አሥራ አንድ የቀድሞ ሠራተኞችን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው። ሰው ሁሉ ስለ ታሰሩት ያወራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ማንበብ የሚቸግረው ልጅ በወረቀት ላይ «አልፏል» ከተባለ፣ የሚያግዘው ሰው አይመደብለትም። ችግሩ ወረቀት ላይ የለማ!

እንዲህ ስልሽ ግን ሕጉ ምንም አልበጀም ማለቴ አይደለም። አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል። ትምህርት ቤቶች ውጤታቸውን ለያይተው እንዲያሳዩ አስገደደ። በዘር፣ በቤተሰብ ገቢ፣ በአካል ጉዳት፣ በእንግሊዝኛ ችሎታ። ከዚያ በፊት አማካዩ ጥሩ ከሆነ ማንም ውስጡን አያይም ነበር። በ2015 ሕጉን የተካው አዲሱ ሕግም ይህን እንዳለ አቆይቶታል፤ መቶ በመቶውን ተወና የረጅም ጊዜ ግባቸውን ስቴቶች ራሳቸው እንዲያወጡ አደረገ። የንባብና የሒሳብ ውጤት፣ ምረቃ፣ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች እድገት። የአንቺ ኮሚቴ ሠንጠረዥ ይህን የሚመስለው በአጋጣሚ አይደለም።

እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉት ልጆች መስመር ላይ ቆም በይ። ይሄ የእኛም ጉዳይ ነው። ረቂቁ «የዚህ ምድብ ውጤት ለዓመታት አልተሻሻለም» ይላል። ያነበበ ሰው ልጆቹ ወይም መምህሮቻቸው ሰነፎች ናቸው ብሎ ያስባል። ምድቡ እንዴት እንደሚሠራ እይ። አንቺ ራስሽ እዚያ ውስጥ ነበርሽ። እንግሊዝኛሽ ሲስተካከል የቋንቋ ፈተናውን አልፈሽ ወጣሽ። ጎበዞቹ በወጡ ቁጥር አማካዩ ዝቅ ይላል፤ በቦታቸው ደግሞ ትናንት የመጡ ልጆች ይገባሉ። መምህሮቹ ሥራቸውን በደንብ በሠሩ ቁጥር ምድቡ የባሰ ይመስላል። ለዚህ ነው ሕጉ ራሱ ከምድቡ የወጡትንም እስከ አራት ዓመት አብሮ መቁጠር የሚፈቅደው። ዲስትሪክታችን እንዴት እንደሚቆጥር ጠይቂ። ከዚያ ደግሞ የተሻለውን ጥያቄ ጨምሪ፦ ከአምስት ዓመት በፊት የገቡት ልጆች ዛሬ የት ናቸው? ስንቱ ወጣ? ስንቱ እዚያው ቀረ? የክፍል ትምህርት የሚያስችል እንግሊዝኛ ዓመታት ይፈጃል። በሜዳ ላይ እየተሯሯጡ በእንግሊዝኛ መጫወትና የባዮሎጂ መጽሐፍ አንብቦ መረዳት ለየቅል ነው።

(በነገራችን ላይ፣ የእኛ ሰው ልጆች ሠንጠረዡ ውስጥ «ጥቁር» በሚለው መስመር ነው ያሉት። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚያወሩት ለብቻቸው እንዴት እንደሆኑ ከዚህ ወረቀት አይታወቅም። ስትመዘገቢ «ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ትናገራላችሁ?» ብለው ቅጽ አስሞልተውኛል። ስለዚህ መረጃው እጃቸው ላይ አለ።)

ሌላው፣ ማንን ከማን ጋር እንደሚያወዳድሩ እይ። የዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ከአምናው ሦስተኛ ክፍል ጋር ከተወዳደረ ልጆቹ የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱ የትምህርቱ ይሁን የልጆቹ አይታወቅም። ያንኑ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ ከዚያ አራተኛ፣ ከዚያ አምስተኛ ላይ ተከትሎ ማየት ይሻላል። ብዙ ስቴቶች ይህን ይለካሉ። ረቂቁ ውስጥ ግን አላየሁትም።

አዋቂዎች ሥራቸውን ሲለውጡ ምን እንደሚመጣ ማየት ከፈለግሽ ሚሲሲፒን አንብቢ። በ2013 በአራተኛ ክፍል የንባብ ፈተና ከአገሪቱ መጨረሻ አካባቢ ነበረች። ድሃ ስቴት ናት፤ ሰው ብዙም አይጠብቅባትም ነበር። በዚያው ዓመት ሕግ አወጡ። ለታችኞቹ ክፍሎች መምህራን ልጅን ፊደልና ድምፅ እያገናኙ እንዴት ማንበብ እንደሚያስተምሩ ሥልጠና ሰጡ። ስቴቱ ራሱ የንባብ አሠልጣኞች ቀጥሮ ደካማ ወደሆኑት ትምህርት ቤቶች ላከ። አሠልጣኞቹ ክፍል ገብተው ከመምህሩ ጎን ይሠሩ ነበር። ማንበብ የሚቸግራቸውን ልጆች ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እየለዩ ለወላጅ አሳወቁ። በ2019 የአገሪቱን አማካይ ደረሱ፤ በ2024 ከቀዳሚዎቹ አሥር ስቴቶች መሃል ገቡ። ሕጉ በሦስተኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለ ልጅ ይድገም ይላል፤ ብዙ ክርክር ያስነሳ ነገር ነው፤ የእኔም ልብ አይወደውም። በስምንተኛ ክፍል ያገኙት መሻሻልም የአራተኛውን ያህል አይደለም። ቢሆንም ያንን ሕግ ስታነቢ ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚሠራ ታገኛለሽ። የኛ ረቂቅ ይህ የለውም።

ስለ ምረቃ ያለው ግብ ላይ ትንሽ ተጠራጠሪ። በአገር ደረጃ በአራት ዓመት የሚመረቁት በ2011 ወደ 79 በመቶ ነበሩ፤ በ2020 ወደ 87 በመቶ ደረሱ። በዚያው ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የንባብና የሒሳብ ውጤት አልጨመረም። ዲፕሎማ መስጠት ቀላል ነው። የወደቀበትን ኮርስ ኮምፒውተር ላይ በጥቂት ቀናት ጠቅ ጠቅ አድርጎ ክሬዲቱን (ኮርሱን ማለፉ የሚቆጠርበትን ነጥብ) ያገኘ ልጅ አንቺም ሳታውቂ አትቀሪም። ከምረቃው ይልቅ ዘጠነኛ ክፍልን ይከታተሉ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንን ነው፦ ዘጠነኛ ክፍልን አምስት ሙሉ ክሬዲት ይዞ፣ በዋና ትምህርቶች ከአንድ ሴሚስተር በላይ ሳይወድቅ የጨረሰ ልጅ፣ ያንን ካላሟላው ይልቅ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድሉ ሦስት ተኩል እጥፍ ነው። ቺካጎ ላይ ትምህርት ቤቶቹ ይህን መረጃ ይዘው ልጁ ገና መንሸራተት ሲጀምር ይይዙታል። አራት ዓመት ጠብቆ «አልተመረቀም» ከማለት ይህ ይሻላል።

መቅረትን በተመለከተ የሚጠቀሙበት መለኪያ ከዓመቱ ቀናት አሥር በመቶ መቅረት ነው። ዓመቱ 180 ቀን ከሆነ 18 ቀን፤ በወር ሁለት ቀን ማለት ነው። ከኮቪድ በፊት በአገር ደረጃ ከመቶው ተማሪ ወደ 15 የሚሆነው እንዲህ ይቀር ነበር፤ በ2022 ወደ 28 ወጣ፤ አሁንም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ረቂቁ «ቤተሰቦችን ስለ መገኘት ጥቅም ማስተማር» ይላል። እኛ ጥቅሙ ጠፍቶን ነው? አንዱ አውቶቡስ ያመልጠዋል። አንዷ ወላጆቿ ሥራ ስለሚሄዱ የታመመ ወንድሟን ትጠብቃለች። አንዱ ደግሞ ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ስለሌለ ይሰለቸዋል። መጀመሪያ ለምን እንደቀሩ ይጠይቁ። መልሱ አውቶቡስ ከሆነ ብሮሹር አይፈታውም።

የሚቀጥለውን ያነሳሁት አንቺን አስቤ ነው። ባለፈው ዓመት የአልጀብራ ክፍልሽ ለወራት መምህር አልነበረውም። ተተኪ ይመጣል፣ ወረቀት ያድላል፣ ይሄዳል። ያ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም። የእናንተ ዝቅተኛ የሒሳብ ውጤት ግን አለ። እኔ ብሆን አንድ መስመር እንዲጨመር እጠይቅ ነበር፦ ትምህርት በተጀመረበት ቀን ብቃት ያለው መምህር የሌለባቸው ክፍሎች ስንት ናቸው? ተተኪ ለብዙ ሳምንት የቆየባቸውስ? የትኞቹ ሰፈሮች ውስጥ ናቸው? ይህ የአዋቂዎች ግብ ነው፤ ልጅ በርትቶ በማጥናት ሊያሳካው አይችልም። ያን ክፍል ከኮሚቴው አባላት መካከል የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ አትፈሪ፤ ተናገሪ። ሰው ሳትወቅሺ፣ የሆነውን ብቻ ንገሪያቸው።

በየዓመቱ ለሕዝብ ሪፖርት ይቅረብ የሚለውም ይግባ፤ መለኪያው ደግሞ መሃል ላይ አይቀየር። ሱፐርኢንተንደንት ይመጣል፣ ይሄዳል። ቦርዱ በምርጫ ይቀየራል። አዲስ የመጣው የራሱን ዕቅድ ይዞ ይመጣና የድሮው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ተመሳሳይ ቁጥር በየዓመቱ በአደባባይ ከተነበበ ግን መርሳት ያስቸግራል።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረኝ። የወላጆች መጠይቅ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የመጣልኝ። እኔ ሞላሁት። እንግሊዝኛ የማያነቡት ጎረቤቶቻችን ግን አልሞሉትም። በፌዴራል የሲቪል መብት ሕግ መሠረት ዲስትሪክቱ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች አስፈላጊ መረጃ በሚገባቸው ቋንቋ ማድረስ አለበት። «ወላጆች ደግፈውታል» ከማለታቸው በፊት የትኞቹ ወላጆች እንደሆኑ ጠይቂልኝ።

ረቂቁ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደረግኩባቸውን ገጾች ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። የሚቀጥለው ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ቀኑን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ ፈረቃዬን ከሰው ጋር እቀያየራለሁ። ለወላጆች የሚሰጡት የመናገሪያ ሰዓት አጭር ነው አሉ፤ ስለ መጠይቁ እኔ ልናገር፣ ስለ አልጀብራው አንቺ።

አባትሽ