«ለጥቂት ተረፉ» ብላችሁ አትለፉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በውስጥ ገጻችሁ አንዲት አጭር ዜና አነበብኩ። ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ሊጋጩ ሲሉ ለጥቂት ተረፉ ትላለች። አራት መስመር ናት። በመካከላቸው ስንት ሜትር እንደነበረ አትናገርም። ማን ስህተቱን እንዳየ፣ ማን ለማን እንዳሳወቀ የለም። «በፈጣሪ ቸርነት ጉዳት አልደረሰም» ብላ ታበቃለች። እኔም አማኝ ነኝ። ተመስገን ማለት ይገባል። ግን ወሬው እዚያ ላይ ማለቅ የለበትም። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳችሁ።

የምኖረው አሜሪካ ነው፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ። ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 19 ዓመት አለፈኝ። አብዛኛውን ሰው የምጭነው ከዋሽንግተኑ ሬገን ናሽናል ኤርፖርት ነው። ባለቤቴም እዚያው ተርሚናል ውስጥ ትሠራለች፤ መራመድ የሚከብዳቸውን መንገደኞች በዊልቸር ትገፋለች። እንጀራችን ከአውሮፕላን ጋር የተያያዘ ነው።

ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. አስተርዮ ማርያም ነበረች፤ ረቡዕ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ታክሲ የምንሰለፍበት ሎት ውስጥ ነበርኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው። መጀመሪያ አንድ ሳይረን ሰማን። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ መቁጠር አቃተን። ሁላችንም ከመኪና ወጥተን ወደ ወንዙ ማየት ጀመርን። ባለቤቴ ደወለች። አንዲት አሮጊት ገፍታ እያወጣች ነበር። «ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ ስልኩን ያያል» አለችኝ። «አንዳንዱ ያለቅሳል። ምንድን ነው የሆነው?» ለእኔም የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ያን ምሽት ከዊቺታ፣ ካንሳስ የመጣ የመንገደኞች አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከጦር ሠራዊቱ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። ሰዓቱ 2፡48 ነበር። አውሮፕላኑ ላይ 64፣ ሄሊኮፕተሩ ላይ 3 ሰው ነበረ። 67ቱም አለቁ። በረዶ በያዘው በፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ጠላቂዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልጉ አደሩ። ኤርፖርቱ የተከፈተው በማግስቱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ከሞቱት መካከል ከስልጠና የሚመለሱ የበረዶ ሸርተቴ ልጆችና አሰልጣኞቻቸው ነበሩበት። ባለቤቴ ለብዙ ቀን እህል አልበላ አላት።

እስከዚህ ድረስ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ለእኔ የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

አደጋው በደረሰ በስድስተኛው ሳምንት ብሔራዊው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ያገኘውን ለሕዝብ ተናገረ። የቦርዱ ሊቀመንበር ጄኒፈር ሆመንዲ ናቸው ቁጥሩን ያነበቡት። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ባለው ጊዜ፣ በዚሁ ኤርፖርት ዙሪያ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከልክ በላይ የተቀራረቡት 15,214 ጊዜ ነው። ልኩም ይታወቃል። ወደ ጎን ከአንድ የባሕር ማይል፣ ከፍና ዝቅ ደግሞ ከ400 ጫማ ያነሰ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 85ቱ የባሱ ናቸው። ወደ ጎን ከ1,500 ጫማ ያነሰ፣ ከፍና ዝቅ ከ200 ጫማ ያነሰ። አደጋው ከመድረሱ በፊት በነበረው ምሽት እንኳን ሌላ የመንገደኞች አውሮፕላን በሄሊኮፕተር ምክንያት ማረፉን ትቶ ዞሯል።

ይህን ስሰማ መኪናዬን ዳር አስያዝኩ። 15,214! እኔ በእነዚህ ዓመታት በየቀኑ እዚያ ነበርኩ። ከእነዚያ አውሮፕላኖች የወረዱ ሰዎችን ሻንጣ አንስቻለሁ። «በረራው እንዴት ነበር?» ስላቸው «ጥሩ ነበር» ይሉኛል። ምን አለፈባቸው? ማንም አልነገራቸውም።

ቁጥሩ እኮ ከአደጋው በኋላ የተፈጠረ አይደለም። መረጃው በፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር እጅ ተቀምጦ ነበር። ተደምሮ «እዚህ ቦታ ላይ ሰው ሊያልቅ ነው» ያለ ግን አልነበረም። በወንዙ ላይ ለሄሊኮፕተር የተሠመረ መንገድ ነበር፤ ከ200 ጫማ በላይ አይወጣበትም ነበር። ከኤርፖርቱ ማኮብኮቢያዎች አንዱ በሆነው ማኮብኮቢያ 33 ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ደግሞ ይህን መንገድ ከላይ አቋርጦ ነበር የሚወርደው። ሁለቱም የተፈቀደላቸውን ሳይስቱ ቢሄዱ እንኳን በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት 75 ጫማ ሊሆን ይችላል አለ ቦርዱ። 75 ጫማ 23 ሜትር ገደማ ነው። እኔ ከተሰለፍኩበት ቦታ ተነስታችሁ አራት ታክሲ ብትቆጥሩ ይሞላል። ይህ መንገድ የተዘጋው ከአደጋው በኋላ፣ በመጋቢት ነው።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ከአደጋው በፊት በነበረው ክረምት ልጄን ግሬቭሊ ፖይንት ወሰድኩት። ከኤርፖርቱ በስተሰሜን ያለ መናፈሻ ነው። አውሮፕላኖቹ ጭንቅላት ላይ ሊያርፉ የመጡ ይመስላሉ። ሰው ምንጣፍ አንጥፎ ያያቸዋል። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ስልኩ ላይ በረራ የሚያሳይ አፕ አለው። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከየት እንደተነሳ ይነግረኛል። ይሄ ከአትላንታ፣ ይሄ ከቦስተን። በመሃል አንድ ጥቁር ሄሊኮፕተር ወንዙን ይዞ ዝቅ ብሎ አለፈ። ልጄ ስልኩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ መልሶ ስልኩን አየ። «አባዬ፣ ይሄኛው ስልኬ ላይ የለም» አለኝ። «ወታደር ስለሆነ ይሆናል» አልኩትና በቆሎዬን መጋጥ ቀጠልኩ።

በኋላ ነው የገባኝ። አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ በየሰከንዱ እየላኩ ነው የሚበሩት። ያን ምሽት የተጋጨው ብላክ ሆክም ይህን መረጃ እየላከ አልነበረም። አንድ ልጅ ሣር ላይ ተቀምጦ ያየውን ጉድለት ትልልቆቹ ሰዎች ሊያዩት አይገባም ነበር?

በቅርቡ ደግሞ አንድ ጡረታ የወጡ አብራሪ ጭኜ ወደ ደለስ ኤርፖርት ወሰድኳቸው። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ብዙ አወራን። አውሮፕላን ውስጥ ቲካስ የሚሉት መሣሪያ እንዳለ ነገሩኝ። ሌላ አውሮፕላን ሲጠጋ መጀመሪያ «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ነገሩ ከባሰ አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ይላል። «ግን» አሉኝ፣ «መሬት አጠገብ ትእዛዝ አይሰጥም። ውረድ ቢልህ የት ትወርዳለህ?» ያን ምሽት ግጭቱ የደረሰው 300 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ነው። መሣሪያው ከ20 ሰከንድ ገደማ በፊት «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ብሎ ነበር። ከዚያ በላይ ሊል አይችልም።

እኚህ ሰው የጃፓኑን ታሪክ ያጫወቱኝም ያኔ ነው። ቤት ገብቼ እኔም አነበብኩት። ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 እ.ኤ.አ.፣ የአንድ አየር መንገድ ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ያይዙ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ሊጋጩ ነበር። በሁለቱ ላይ 677 ሰው ነበረ። መሬት ላይ ሆኖ በረራውን የሚመራው ተቆጣጣሪ የበረራ ቁጥር ተምታታበትና አንዱን ውረድ አለው። መሣሪያው ለዚያው አውሮፕላን ውጣ ይለዋል። አብራሪው ተቆጣጣሪውን ሰማ። ሌላኛው አብራሪ ደግሞ መሣሪያውን ሰምቶ ወረደ። ሁለቱም ወረዱ! በመጨረሻ አንዱ በሌላው ሥር ሹልክ ብሎ አለፈ። መቶ ያህል ሰው ተጎዳ፣ የሞተ ግን አልነበረም።

ተመስገን ተባለ። ለአብራሪዎች ሁሉ «ሰውና መሣሪያ ከተለያዩ መሣሪያውን ስሙ» የሚለው ሕግ ግን በጊዜው ጠርቶ አልወጣም። ከ17 ወር በኋላ፣ ጁላይ 1 ቀን 2002፣ ጀርመን አገር ኡበርሊንገን ላይ ያው ነገር ተደገመ። ተቆጣጣሪው የሩሲያውን አውሮፕላን ውረድ አለው፤ መሣሪያው ውጣ አለው። አብራሪዎቹ ወረዱ። ከፊቱ የሚመጣው የጭነት አውሮፕላንም መሣሪያውን ሰምቶ ወረደ። 71 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ሕጉ የጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የያይዙ ነገር በደንብ ተነቦ ቢሆን እነዚያ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች በሆኑ ነበር።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ቨርጂኒያ ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ወደ ናሽናል ይመጣ የነበረ አውሮፕላን በነፋስ ምክንያት ወደ ደለስ ተላከ። ሊያርፍ ሲወርድ ማውንት ዌዘር ከሚባለው ተራራ ጋር ተላተመ። 92 ሰው አለቀ። ከዚያ አደጋ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን እዚያው አካባቢ፣ በዚያው ዓይነት አለመግባባት፣ ያንኑ ተራራ ለጥቂት ስቶታል። ያ አየር መንገድ ለራሱ አብራሪዎች ነገረ። ለሌሎቹ የነገራቸው የለም። ይህ ከአውሮፕላን ጋር መጋጨት ባይሆንም ጉዳዩ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ በ1976 አብራሪና ተቆጣጣሪ ስሙ ሳይወጣ ስህተቱን የሚጽፍበት አሠራር ተጀመረ። ተቀባዩ አለቃው ሳይሆን ናሳ ነው። ሰው ሳይፈራ እንዲጽፍ ታስቦ ነው።

አዘጋጅ ሆይ፣ እኛ ጋ ይህ ነገር የሚከብድ ይመስለኛል። ስህተት መናገር ራስን ማጋለጥ ነው። የሌላውን መናገር ደግሞ ሰው ማስበላት ነው። «ተረፍክ አይደል? ነገር አታብዛ» እንባባላለን። እኔም ይህን የማውቀው በራሴ ነው። ከኤርፖርቱ ብዙም በማይርቅ አንድ መገናኛ ላይ፣ ሌሊት፣ ከጎን የገባ ሚኒባስ ለጥቂት ሳተኝ። ከኋላ እናትና ልጅ ጭኜ ነበር። እግሬ ተብረከረከ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ለማንም ሳልናገር ስድስት ወር ቆየሁ። ከአደጋው በኋላ አንድ ምሽት ሎቱ ውስጥ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንዱ ዝም ብሎ ሰማኝና «የትኛው? ቁጥቋጦው ያለበት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከስድስታችን አራታችን እዚያው ቦታ ላይ ተርፈናል። አራታችንም ለየብቻችን ዝም ብለናል። በማግስቱ በቀን ሄደን አየነው። ቁጥቋጦው አድጎ የማቆሚያ ምልክቱን ሸፍኖታል። ጻፍን፣ ተቆረጠ።

የእናንተ አንባቢዎችም ይበራሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ቤይሩት የሚሄዱ እህቶቻችን አሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. በሶማሌላንድ ሰማይ ላይ ወደ ዱባይ የሚሄደው የእኛው አውሮፕላንና የኳታር አውሮፕላን ተቀራርበው ነበር ተብሎ በሰፊው ተዘግቧል። ሰማዩን የሞቃዲሾና የሐርጌሳ ሰዎች የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ይባባሉበታል። ያንን ወሬ ተከታትሎ መጨረሻውን የነገረኝ የአማርኛ ጋዜጣ አላገኘሁም። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ በየዓመቱ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። እሷ በምታልፍበት ሰማይ ላይ ምን እንደተፈጠረ የማወቅ መብት አለኝ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ለጥቂት ተረፉ» ስትሉ ሦስት ጥያቄ ጠይቁልን። በስንት ጫማ ተረፉ? ማን ጻፈው? በዚያው ቦታ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ሆኗል? ለአገራችን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም ያው ጥያቄ ይቅረብለት። በክስ መልክ አይሁን። አብራሪው ወይም ተቆጣጣሪው ስሙ በጋዜጣ እንዲወጣ አልፈልግም። ስሙ ከወጣ ሁለተኛ አይጽፍም። ቁጥሩ ይውጣ። ቦታው ይውጣ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ምን እንደተስተካከለ ተመልሳችሁ ንገሩን፤ አራት መስመር ይበቃል።

እኛ ሎታችን ውስጥ አንድ ደብተር ጀምረናል። ሰማያዊ ነው፣ የልጄ የትምህርት ቤት ደብተር ነበር። ስም አይጻፍበትም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሊሆን ነበር። ትናንት ማታ ሥራ ከጀመረ ወር ያልሞላው አንድ ወጣት መጣ። «ጋሼ፣ እኔ የምጽፈው ምንም አልደረሰብኝም፣ ሊደርስብኝ ነበር እንጂ» አለኝ። እስክሪብቶውን ሰጠሁት።

አክባሪያችሁ
የታክሲ ሾፌር፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ