ወድቆ የተገኘ ቁልፍና «የብረት ጌጥ» ተብሎ የተመዘገበው ምልክት

ይድረስ ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው ወር በአውቶቡስ ስጓዝ ከፊቴ ካለው ባዶ ወንበር ሥር በአንድ ቀለበት የተያዙ አራት ቁልፎች ወድቀው አገኘሁ። ቀለበቱ አጭር የቆዳ ማንጠልጠያ ነበረው፤ በማንጠልጠያው ጫፍም የሳንቲም መጠን ያላት ክብ ብረት ታስራለች። ሳገላብጣት በአንድ ወገኗ ስዋስቲካ (ናዚዎች የተጠቀሙበት ክንዶቹ የታጠፉ መስቀል)፣ በሌላው ወገኗ 88 የሚል ቁጥር ተቀርጾባታል። የቅርጹ ጠርዝ በአውራ ጣት ብዛት ተሽቶ ለስልሷል፤ ባለቤቱ ኪሱ ውስጥ ሆና ሲዳስሳት የኖረ መሆኑ ያስታውቃል። ሳላስበው ምልክቱን ወደ መዳፌ ገልብጬ ጨበጥኩት። ያየ ሰው የእኔ ንብረት እንዳይመስለው ፈርቼ ነበር።

አውቶቡሱ በሚቆምበት የመጨረሻ ፌርማታ ወድቀው የተገኙ ዕቃዎችን የሚረከብ መስኮት ስላለ ቁልፎቹን ወደዚያው ወሰድኩ። መዝጋቢው ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአውቶቡሱን ቁጥር ጻፈ፤ ቀጥሎም «ቁልፍ፣ ብዛት 4» ብሎ አሰፈረ። ከዚያ ብረቷን አገላብጦ አየና ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። «ጌታዬ፣ ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስዋስቲካ ብሎ ቢጽፍ የማያውቀውን ሰው ናዚ ብሎ የከሰሰ መሰለው፤ ዝም ብሎ ቢያልፈው ደግሞ ያየውን እንደደበቀ ሊቆጠርበት ነው። ጥቂት አሰብ አድርጎ «የብረት ጌጥ፣ ብዛት 1» ብሎ ጻፈና ደረሰኝ ሰጠኝ። ከአሥር ቀን በኋላ በዚያው ሳልፍ ጠየቅኩት፤ አንድ ሰው መጥቶ፣ የቁልፎቹን መልክ ተናግሮ፣ ፈርሞ መውሰዱን ነገረኝ። በመዝገቡ መሠረት ሰውየው የተረከበው አራት ቁልፍና አንድ ጌጥ ነው።

መዝጋቢውን ለመውቀስ አልጽፍም። ቁልፎቹ መመለሳቸውም ተገቢ ነው፤ ቁልፉ ከሚከፍተው በር ኋላ ሕፃን፣ በሽተኛ ወይም ስለ ምልክቱ ምንም የማያውቅ ሰው ሊኖር ይችላልና። ነገሩን ያጫወትኳቸው ወዳጆቼ ግን ግማሾቹ «ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ብትጨምረው ምን ነበረበት?» አሉኝ፤ ሌሎቹ ደግሞ ፎቶውን በማኅበራዊ ሚዲያ ብለጥፈው ኖሮ ባለቤቱ በአንድ ቀን ይጋለጥ እንደነበር ነገሩኝ። የመጀመሪያው ምክር ብዙ አያነጋግርም፤ የሰው ንብረት ስለጠላነው የእኛ አይሆንም። በፎቶው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ጽንፈኛ ቡድኖች ተለጣፊ ምልክትና በራሪ ወረቀት በአደባባይ የሚበትኑት አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ብቻ ብለው አይደለም፤ ተናዶ ፎቶ የሚያነሳና ለሺዎች የሚያሰራጭ ሰው ሲያገኙ መልእክታቸው ያለ ወጪ ይጓዝላቸዋል። ባለቤቱ ከቡድኖቹ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አንድ ጊዜ የተለጠፈበትን ስም የሚፍቅለት የለም።

እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ የማይመስል ነገር አይደለም። ስዋስቲካን ናዚዎች አልፈጠሩትም። ስሙ ከጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት የመጣ ነው፤ በሂንዱ፣ በቡድሃና በጃይን እምነት ተከታዮች ዘንድም ከጥንት እስከ ዛሬ የመልካም ዕድልና የበረከት ምልክት ነው። በጃፓን ካርታዎች ላይ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ያለበት ቦታ በዚህ ምልክት ይጠቆማል። የፊንላንድ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1945 በአውሮፕላኖቹ ላይ ሰማያዊ ስዋስቲካ ያደርግ ነበር፤ ይህንንም የጀመረው የናዚ ፓርቲ ምልክቱን በ1920 የራሱ ከማድረጉ በፊት ነው። በ1935 የጀርመን ብቸኛ ብሔራዊ ሰንደቅ ዓላማ የሆነው የፓርቲው ባንዲራ በቀይ መደብ ላይ ነጭ ክብ፣ በክቡ ውስጥም ዘንበል ብሎ የቆመ ጥቁር ስዋስቲካ ነበረው። ወደ ቀኝ የዞረው የናዚ፣ ወደ ግራ የዞረው የእስያ ነው የሚለው የተለመደ መለያ አያስተማምንም፤ ሂንዱዎች ወደ ቀኝ የዞረውንም ይጠቀሙበታልና።

ቁጥሩም እንዲሁ ነው። በላቲን ፊደል ተራ ስምንተኛዋ ፊደል H «Heil Hitler» ለሚለው ሰላምታ ሁለት ቃላት መነሻ በመሆኗ ኒዮ ናዚዎች (የዛሬዎቹ የናዚ አስተሳሰብ ተከታዮች) 88ን ለሂትለር የሚሰጠው ሰላምታ ስውር ምልክት አድርገውታል፤ ነገር ግን በ1988 የተወለደ ሰውም ቁጥሩን ይጽፈዋል፣ በቻይናውያን ዘንድም የመልካም ዕድል ቁጥር ነው። እኔ ባገኘኋት ብረት ላይ ሁለቱ በአንድነት መገኘታቸው ጥርጣሬዬን እንዳጠናከረው አልሸሽግም። በሌላ ወገንም ተመሳሳይ ችግር አለ፤ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በጥቁር ባንዲራው ላይ የጻፈው ቃል የሙስሊሞች ሁሉ የእምነት ምስክርነት ሲሆን በሳዑዲ ዓረቢያ ሰንደቅ ዓላማ ላይም ይገኛል። የቡድኑን ባንዲራ ከቃሉ ለይቶ ማየት ያልተማረ ሠራተኛ የማንኛውንም ሙስሊም የአንገት ጌጥ ወይም የጸሎት መጽሐፍ ሊጠረጥር ነው።

በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ እንደ ናዚ ፓርቲ ያሉ የታገዱ ድርጅቶችን ምልክቶች በአደባባይ ማሳየት እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ያስከትላል፤ ለትምህርት፣ ለምርምርና ለኪነ ጥበብ ሲሆን ግን አይከለከልም። በዚያው አገር ፀረ ናዚ የሆኑ፣ የተሰረዘ ወይም የተሰበረ ስዋስቲካ ያለባቸውን ዕቃዎች የሚሸጥ ነጋዴ በሥር ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ ነበር፤ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምልክቱ ተቃውሞን በግልጽ የሚያሳይ ከሆነ ወንጀል አይሆንም በማለት ፍርዱን እ.ኤ.አ. በ2007 ሽሮታል። በምልክቱ ላይ የተሰመረች አንዲት መስመር ወዳጅን ከጠላት ለየች ማለት ነው። ይህችን መስመር «የብረት ጌጥ» የሚለው ምዝገባ አይዛትም፤ «የናዚ ዕቃ» የሚለውም ቢሆን አይዛትም።

እኔ የምጠይቀው መዝጋቢው የሚገምተውን ትቶ ዓይኑ ያየውን እንዲጽፍ ነው። «ክብ ብረት፤ በአንድ ወገን ያልተሰረዘ ስዋስቲካ፣ በሌላው 88 ቁጥር» ቢል ማንንም አልከሰሰም፣ ምንም አልደበቀም። ሊወስድ የመጣውም ሰው ንብረቱ መሆኑን ለማስረዳት ብረቷ ላይ ምን እንዳለ በራሱ አፍ መናገር ይኖርበታል። አሁን ባለው አሠራር ግን «የብረት ጌጥ ነበረው» ያለ ሁሉ ሊረከብ ይችላል፤ ይህ ደግሞ የምልክቱን ጉዳይ ብንተወው እንኳ ለማንኛውም ባለንብረት አደጋ ነው። ምልክቱን መያዝ በሕግ በተከለከለበት ቦታ ቁልፉና ብረቷ በተለያየ ተራ ቁጥር ይመዝገቡ፤ ቁልፉ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ስለ ብረቷ ፖሊስ ይወስን።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕቃው በእርግጥ የጠፋ ሲሆን ነው። በየወንበሩ ላይ ተመሳሳይ ወረቀት ተቀምጦ ከተገኘ አንድ ሰው ሆን ብሎ እንዳስቀመጠው ግልጽ ነው። ከምልክቱ ጋር የጦር መሣሪያ፣ የሰዎች ስም ዝርዝር ወይም ዛቻ ከታየ፣ ወይም ባለቤቱ ያልታወቀ የተዘጋ ቦርሳ ከሆነ፣ ያገኘው ሰው ሳይነካ ርቆ ለፖሊስ መደወል እንጂ ወደ መስኮቱ ተሸክሞ መሄድ የለበትም።

መመሪያው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ ቢለጠፍ ያ ወጣት መዝጋቢ ለሚቀጥለው ሰው «ምን ብዬ ልጻፈው?» ማለት አይኖርበትም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ