ፎሊክ አሲዱ ከሠርጉ በፊት ይድረስ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ውስጥ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በጥር የተዳሩ ሙሽሮች ሰኔ ላይ ለእርግዝና ክትትል ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል። የአይረንና ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን የያዘ እንክብል እሰጣቸዋለሁ። ለደም ማነስ ይጠቅማቸዋል፤ ለጽንሱ ኅብለ ሰረሰር ግን ጊዜው አልፏል።

አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል። ያኔ እናትየዋ ቢበዛ የወር አበባዋ መዘግየቱን ብታስተውል ነው። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ አከርካሪው ላይ ክፍተት ይዞ፣ አንዳንዴም የራስ ቅሉ ሳይሟላ ይወለዳል። ወገቡ ላይ በስስ ሽፋን የተያዘ እብጠት ያለው አራስ ተቀብዬ፣ እብጠቱን በንጹሕ እርጥብ ፋሻ ሸፍኜ ወደ ሆስፒታል ልኬአለሁ። እናቱ «የማን እርግማን ደረሰብኝ?» ትል ነበር። እኅቴ፣ እርግማን አይደለም! መንስኤው ብዙ ቢሆንም ትልቁን ድርሻ መከላከል ይቻላል። በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ጽንስ የገጠማቸው እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ፣ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀንሷል።

«ምስርና ጎመን እንበላ የለም ወይ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ሁለቱም ፎሌት (በምግብ ውስጥ ያለው የዚሁ ቫይታሚን ዓይነት) አላቸው፤ ይብሉም። ነገር ግን ፎሌት በሙቀት ይጠፋል፣ በውሃም ይሟሟል፤ እኛ ደግሞ ጎመኑን ቀቅለን ውሃውን እንደፋለን። የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አገራችን ደረጃ ማውጣቷ ደስ ያሰኛል። ዳቦ ለሚገዛው የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ይጠቅማል። የገጠሯ ሙሽራ ግን የጓሮዋን እህል ወፍጮ ቤት አስፈጭታ ነው የምትበላው።

ስለዚህ እጮኛሞች ለኤችአይቪ ምርመራ ሲመጡ፣ በዚያው ቀን ልጅቷ ፎሊክ አሲድ ይዛ ትመለስ። መጠኑ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው፤ እስከ እርግዝናው 12ኛ ሳምንት ይወሰዳል። ቀድሞ ችግሩ የገጠማት እናት አሥር እጥፍ ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ታማክር። ኒካህ የሚያስሩ ሸሆችና የንስሐ አባቶችም «ጤና ጣቢያ ደርሳችኋል ወይ?» ብለው ቢጠይቁልን ብዙ ይረዱናል፤ እነሱን የማይሰማ ሙሽራ የለም። የጤና ኃላፊዎቻችን ደግሞ ፎሊክ አሲዱን ለክትትል ክፍል ብቻ ሳይሆን ለምርመራ ክፍሉም ይመድቡልን።

አዋላጅ ነርስ፣ ከደሴ