የአሸዋ ማጣሪያችሁን አታስርቡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። እንደኔ የአሸዋ ውሃ ማጣሪያ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ እንዲያነበው ስለምፈልግ ደብዳቤዬን አውጡልኝ።

እኛ ሰፈር ቧንቧ በፈረቃ ነው። ውሃ ስትመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነስተን ሮቶውንም ጀሪካኑንም እንሞላለን፣ ስትጠፋ ደግሞ ወደ ምንጭ እንወርዳለን። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ለተወሰንን ሰዎች ማጣሪያ ሰጠን። ከኮንክሪት የተሠራ፣ ወገብ የሚደርስ ነው፤ ከታች ጠጠር፣ ከላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ጥሩ አሸዋ አለው። መጥተው ተከሉት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዱን፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው የለም።

እኔም የምጠቀምበት ቧንቧ ሲጠፋ ብቻ ነበር። ውሃ እያለ ምን አደከመኝ ብዬ። አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ጠብታ ሳይገባበት ይቀመጣል። ከዚያ ቧንቧው ይጠፋና የምንጭ ውሃ አፍስሼበት፣ ጥርት ብሎ ሲወርድ አይቼ፣ ያለ ምንም ሐሳብ ለልጄ አጠጣታለሁ። ልጄ በአንድ ክረምት ሁለቴ ተቅማጥ ያዛት። ሁለተኛው ጊዜ በጣም ከብዶባት ስለነበር ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ያነቃችኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ናት። ቤት መጥታ ማጣሪያውን አየችና «እታለም፣ በየስንት ቀኑ ነው ውሃ የምትጨምሪበት?» አለችኝ። ነገርኳት። «እንግዲያው አስርበሽዋል» አለችኝ።

ለካ ነገሩ ሕይወት አለው! አሸዋው ቆሻሻውን በወንፊት እንደሚነፋ ብቻ አድርገን ነው የምናስበው። ጉልበቱ ግን አሸዋው ላይ በሚያድገው ስስ ሽፋን ነው። እዚያ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በውሃው የሚመጡትን ጀርሞች ይበላሉ። ሽፋኑ በደንብ እስኪያድግ እስከ 30 ቀን ይፈጅበታል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ወር የተጣራውን ማፍላት ወይም ውሃ አጋር (የመጠጥ ውሃ ማከሚያውን ክሎሪን) መጨመር ግድ ነው። ካደገ በኋላ ደግሞ ምግብ ይፈልጋል። አንዴ የጨመርነው ውሃ መውረዱን ካቆመ በኋላ ቀጥሎ እስክንጨምር ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ቢበዛ 48 ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ ሽፋኑ መሞት ይጀምራል። እኔ ጋ ሁለት ሳምንት!

በፈረቃ ለምንኖር ሰዎች ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ማጣሪያው በጣም በሚያስፈልገን ቀን ሞቶ ይጠብቀናል። ቧንቧ ስትመጣ ደግሞ የቧንቧውን ውሃ እንገለብጥበታለን፣ እሱ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪኑ ሽፋኑን ይገድለዋል። ጎረቤቴ ደግሞ ላጽዳው ብላ በረኪና አፍስሳበታለች፣ ከልቧ ነው፣ የነገራት ስለሌለ ነው እንጂ።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ቧንቧ ኖረም አልኖረም በየቀኑ ከዚያው ከአንዱ ምንጭ የመጣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ 12 ሊትር ገደማ፣ አፈስበታለሁ። ለመጠጥ ካልፈለግሁት ልብስ አጥብበታለሁ። ውሃው መውረዱን ሲያቆም አሸዋው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ መቅረት አለበት፣ ከዚያ ከበዛ ሽፋኑ አየር ያጣል፣ ካነሰ ደግሞ ሲፈስበት ይናዳል። ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ በደቂቃ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም፣ አትበሳጩ፣ ቀርፋፋነቱ ነው የሚያጣራው። በጣም ሲዘገይ አሸዋውን አውጥታችሁ እንዳታጥቡት። የላይኛውን በእጅ ቀስ አድርጎ አማስሎ የደፈረሰውን በጣሳ መቅዳት ይበቃል። ውሃ አጋር የምጨምረው ከተጣራ በኋላ፣ በታችኛው ጀሪካን ውስጥ ነው። ጀሪካኑም ምንጭ የምንቀዳበት መሆን የለበትም፤ ይቺን የሚረሳ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ደግሞ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያላችሁ፣ ይህ ማጣሪያ ፍሎራይድን አያወጣም።

«አሸዋ ምን ያጣራል» ለሚሉኝ የሃምቡርግን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1892 ኮሌራ ያቺን የጀርመን ከተማ ሲያጠቃ ከ8 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። አጎራባቿ አልቶና የምትጠጣው ያንኑ የኤልበ ወንዝ ነበር፣ ያውም ከሃምቡርግ በታች፣ የሃምቡርግ ፍሳሽ ከገባበት በኋላ። ግን ውሃዋን በአሸዋ ታጣራ ስለነበር በአብዛኛው ተረፈች። የቤት ውስጡን ማጣሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካናዳዊው ዶክተር ዴቪድ ማንዝ ነው ያንኑ አሠራር በየቀኑ እያቆመ ለሚጠቀም ቤተሰብ እንዲሆን አድርጎ ያዘጋጀው። ማቆም ይችላል፣ ግን ሳምንት አይደለም።

ማጣሪያ የምታድሉ ሁሉ፣ እባካችሁ በወሩ ተመለሱ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሽፋኑ የሚያድገው ያን ጊዜ ነው፣ ስህተታችንም የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ሳኒቴሪያኖች (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያዎች) የሠለጠኑባት ከተማ ናት፤ የዛሬዎቹ የጤና ተማሪዎች ለልምምድ ሲወጡ እኛም ሰፈር ጎራ ብለው ማጣሪያዎቹን ቢያዩልን ደስ ይለናል። ማጣሪያው ቆሞበት እቃ ማስቀመጫ ያደረገው ቤት እኔ የማውቀው ብቻ አራት ነው፣ ቤቶቹን እኔው አሳያቸዋለሁ።

አንዲት እናት
ከጎንደር