ይድረስ ለልጄ፦ ስለዚያ አሮጌ ኳስ

ለምወድሽ ልጄ፣ ኮምቦልቻ

እንዴት ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ጭጋጓን ተከናንባለች፤ የጦሳን ተራራ ካየን ሦስተኛ ቀናችን ነው። እናትሽ "ልጄ ቆላ ወርዳ ከሳች" እያለች በሶ ታስፈጫለች።

ለምትከፍቺው ፑል ቤት ከሁለቱ የትኛውን ኳስ ልግዛ ብለሽ የላክሽልኝን ፎቶ መነጽሬን አድርጌ ሦስት ጊዜ አየሁት። አንደኛው የፑል ኳስ ከነካርቶኑ ያለ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ሌላው ሊዘጋ ከተነሳ ፑል ቤት የወጣ፣ በስቲክ የምትመታው ነጯ የቅቤ መልክ የያዘች። "አባ፣ አሮጌው ከአዲሱ በሁለት ሺህ ብር ይበልጣል፤ ሰውየው አብዷል እንዴ?" ብለሻል። ላያብድ ይችላል።

የኔን ጉድ አልነገርኩሽም መሰለኝ። ፑል ቤቱን ልከፍት ስል አዲስ አበባ ሄጄ በአምፖል ብርሃን የሚያብለጨልጭ ኳስ ገዛሁ። በርካሽ አገኘሁ ብዬ መንገዱን ሁሉ ለብቻዬ ስስቅ መጣሁ። አምስት ወር አልሞላውም። መጀመሪያ ወዙ ጠፋ። ቀጥሎ 11 ቁጥር ተሸረፈች፤ የተሸረፈው ጠርዟ የጠረጴዛውን ጨርቅ ይቧጭረው ጀመር። አንድ የሰፈር ልጅ "ጋሼ፣ ነጯ ወደ ግራ ትሸሻለች" ቢለኝ "አንተ ስቲክ አያያዝህን አስተካክል" ብዬ አሳፈርኩት። ልጁ ልክ ነበር። ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኘው አፍራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሹ ኳስ ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ከሚሉት ፕላስቲክ ይሠራል። ጥሩው ፊኖሊክ ሬዚን ከሚሉት ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግጭት ይችላል። ቤልጅየም ያለው ሳሉክ የሚባል ፋብሪካ አራሚት በሚል ስም የሚያወጣው ከዚህ ነው። ፊኖሊክ ደግሞ እያረጀ ሲሄድ ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ ያቺ የቅቤ መልክ ያሳቀችሽ ነጭ ምናልባት ምስክር ናት። ስሙን ኳሷ ላይ አየሁ ብለሽ ግን እንዳትሸወጂ፤ ስም ማተም ማንም ያትማል።

ሻጩ "የዝሆን ጥርስ ነው" ካለሽማ ጫማሽን አጥልቀሽ ውጪ። ድሮ ድሮ እውነት ከዝሆን ጥርስ ነበር የሚሠራው። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ምትክ ላገኘ 10,000 ዶላር እንሸልማለን ተብሎ ነበር፤ ጆን ዌስሊ ሃያት የሚባል ሰው ሴሉሎይድ የሚሉት ፕላስቲክ ላይ የደረሰው ያንን ሲፈልግ ነው። ዛሬ ግን የጥርሱ ንግድ ክልክል ነው። እኛም አገር በ2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ አዲስ አበባ ላይ ተቃጥሏል። ባለ ቁጥር የፑል ኳስ ይዞ ዝሆን የሚጠራ ሰው ሌላውንም ይዋሻል።

አያትሽ ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ሲገዙ መጀመሪያ ጥርሱን ያያሉ፣ ከዚያ አስነስተው ያስኬዱታል። ዋጋ የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም እንደዚያው አድርጊ።

የኳስ ጥርሱ ሚዛን ነው። ሙሉ ኳስ 16 ነው፤ ባለ ቁጥሮቹ 15፣ ነጯ አንድ። ስፋታቸው 57.15 ሚሊ ሜትር፣ ክብደታቸው ከ156 እስከ 170 ግራም መሆን አለበት። የሥጋ ቤት ሚዛን ግራም አይለይም፤ የወርቅ ቤት ነው የሚያዋጣሽ። አንድ ሁለት ግራም ቢለያዩ ችግር የለም። ነጯን ግን ለብቻ እያት። በየምቱ የምትመታው እሷ ስለሆነች ቀድማ የምታልቀውም እሷ ናት። ከሌሎቹ ብዙ ከቀለለች መግፋት ያቅታታል፤ ተጫዋቹም በስቲኩ ያሳብባል፣ ቀጥሎ በአንቺ።

ስፋቱን ለመለየት መሣሪያ አትግዢ። ኳሶቹን ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ጠፍጣፋ መስታወት አጋድሚባቸው። ያነሰችው ላይ ወረቀት ሾልኮ ያልፋል።

ከዚያ አስኪጃቸው። ቀስ ብለሽ አንከባይ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው። አንዷ ብቻ ከጠመመች የራሷ ነው። ሁለቱን አጋጭተሽም ስሚ፤ ጥሩ ኳስ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ አለው። በጥፍርሽ ቁጥሩን ፈትጊ። ላዩ ላይ የታተመ ከሆነ ጠርዙ ይታወቅሻል፣ ቆይቶም ይላጣል። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካየሽ በፀሐይ ብርሃን ደግመሽ እይ። ሱቅ ውስጥ አምፖል ሁሉንም ያሳምራል፤ እኔን ያየ።

ከቁጥሮቹ አንዷ ከሌላ ስብስብ የመጣች ከሆነች ዋጋው በደንብ ይውረድ። አንዲት ኳስ ለብቻዋ ልኳን ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው። ነጯ ብቻ ከተለወጠች ግን፣ ክብደቷ ከገጠመ፣ እኔ አልከፋም።

ሁለተኛ የገዛሁት ኳስ ዘጠኝ ዓመት ሠራልኝ። አሮጌ ነበር፣ እሱም ቢጫ ነጭ ነበረው። በለስላሳ ጨርቅና በለዘብተኛ ሳሙና እንጂ በበረኪና ነክቼው አላውቅም። በየወሩ ምን እንዳስከፈለኝ ስታካፍይው የሰውየው ሁለት ሺህ ብር ያን ያህል አያስደነግጥም። ግን አዲሱንም መዝኚው። ለአሮጌ አላደላም።

ጎረቤት "ሴት ልጅ ፑል ቤት ትከፍታለች ወይ?" ይላል አሉ። አብሽሪ። ጌሙ ላይ መጥቶ ይጫወት፣ ሂሳቡንም ይክፈል።

ሐሙስ ጠዋት በሐረጎ ቁልቁል እመጣለሁ። የወርቅ ቤቱን ሚዛን የሚያውሰኝ ሰው አለ። እስከዚያ ከሰውየው ጋር ዋጋ እንዳትጨርሺ፣ ቀብድም እንዳትሰጪ። በሶውንም ይዤልሽ እወርዳለሁ።

አባትሽ፣ ከደሴ