ፈቃድ ከማውጣትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ዓመታት መቆጠራቸው እውነት ነው፤ ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መመርመሩን ግን ስንገናኝ እናደርሰዋለንና፣ መልእክትሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ሳወጣ ሳወርደው ወደ ከረምኩት ጉዳይ ልግባ። ትሠሪበት የነበረው ፕሮጀክት መዘጋቱን፣ ከእንግዲህም በየማስታወቂያው ከመንከራተት የአማካሪነት ፈቃድ አውጥተሽ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች በግልሽ ልትሠሪ ማሰብሽን ጽፈሽልኛል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አልጣመኝም።

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ካገደና በኋላም የዕርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ከተዘጋ ወዲህ፣ እንዳንቺው ሥራቸውን ያጡ የፕሮጀክት አስተባባሪዎችና የክትትልና ግምገማ ባለሙያዎች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ አማካሪ ሆነዋል። አንድ የግምገማ ጨረታ ሲወጣ የሚቀርበው ፕሮፖዛል ሁሉ ያምራል፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. በ1991 አምስት ሆነው የወጡትን፣ በ2019 ደግሞ ስድስተኛ የተጨመረባቸውን የኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) የግምገማ መመዘኛዎች ይደረድራል፤ ሁሉም መረጃውን ኮቦ በተባለው የስልክ መረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ እንደሚሰበስብ ይገልጻል። በዚህ መንገድ ከሰዎቹ ጋር ብትወዳደሪ ከብዙዎቹ አንዷ ትሆኛለሽ። አንቺ ግን የሒሳብ ባለሙያ ነሽ፤ በየወረዳው ያሉት ትናንሽ አገር በቀል ድርጅቶች አጥብቀው የሚፈልጉት ደግሞ ውብ ዘገባ የሚጽፍላቸውን ሳይሆን መዝገባቸውን የሚያስተካክልላቸውን ሰው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላሳይሽ። ሥራውን እዚሁ ጅማ ዞን፣ ጌራ አካባቢ በሚያካሂድ አንድ ማኅበር ቢሮ ከገንዘብ ያዡ ጋር ተቀምጠን የወጪ ሰነዶችን ስናገላብጥ፣ ከውሎ አበል መክፈያው ቅጽ ሥር በሰማያዊ ቀለም የተደረደሩ የጣት አሻራዎች፣ ከእነርሱም ጋር ከደብተር ተቀድዶ በእጅ የተጻፈ የፈረስ ኪራይ ወረቀት አገኘን። መኪና በማይገባበት ቀበሌ የማሠልጠኛውን ዕቃ ያጓጓዘው ባለፈረስ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ኦዲተሩ ወጪውን አልቀበልም ብሎ ጥሎታል፤ ገንዘብ ያዡም ከኪሱ ሊከፍል ተቃርቦ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ደረሰኝ በማይገኝበት ቦታ በምስክሮች ፊርማና በቀበሌው ማኅተም የሚረጋገጥ የክፍያ ቅጽ እንደሚያገለግል፣ ከነገንዘብ ጣሪያው፣ ለጋሹ ባጸደቀው የፋይናንስ መመሪያ ውስጥ አስቀድሞ መግባት ነበረበት። ይህን የሚያውቀው ሰነድ ፈርሞ ኦዲተር ፊት የቆመ ሰው ነው።

ሕጉም ቢሆን እንዲሁ ነው። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የነበረው የ70/30 ክፍፍል (ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር)፣ ሥልጠናንና ክትትልን ሳይቀር ወደ አስተዳደር ወጪ እየገፋ ድርጅቶቹን ምን ያህል እንዳስጨነቃቸው ታስታውሻለሽ። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም፣ አስተዳደር የሚባለውን ወጪ ስላጠበበው በተግባር ቀንበሩን አቅልሏል፤ ሆኖም ዛሬም በድሮው ፍርሃት በጀት የሚሠሩ ቦርዶች ያጋጥሙኛል። ይኸው አዋጅ ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ ስለሚፈቅድም፣ ለጋሹ የራቀበት ሁሉ አዳራሽ ላከራይ፣ ቡና ልሽጥ እያለ ነው። የንግዱን ሒሳብ ከፕሮጀክቱ ለይቶ መያዝ፣ ትርፉ ለአባላት እንደማይከፋፈል ለጠቅላላ ጉባኤው ማስረዳት፣ ግብሩን በወቅቱ ማሳወቅ፤ እነዚህ ሁሉ ሰው ያጡ ሥራዎች ናቸው።

የቀን አቆጣጠሩም ጉዳይ ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል። ወረዳው ዓመቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጥራል፤ አንዱ ለጋሽ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፣ ሌላው ከኦክቶበር እስከ ሴፕቴምበር። አንዱን ወጪ በሦስት ዓይነት ዘገባ ሳያፋልስ የሚያቀርብ ሥራ አስኪያጅ በወርቅ የሚገዛ ነው። ዓመታቸውን በዲሴምበር የሚዘጉት ደግሞ የመጨረሻ ግምገማቸውን ኅዳር ላይ ያደርጉታል፤ በኅዳር ግን የጅማ ገበሬ ከነቤተሰቡ ቡና ለቀማ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው አማካሪ ለቡድን ውይይት የሚያገኘው ለለቀማ ያልደረሱትንና አቅም ያነሳቸውን ነው፤ እነርሱ የነገሩትንም የገበሬው አስተያየት ብሎ ይጽፈዋል። በአስተርጓሚ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ስለሚሆን ቅሬታው መንገድ ላይ ይለዝባል። አጋሮ ተወልደሽ ያደግሽ፣ አፋን ኦሮሞን እንደ አማርኛ የምትናገሪ ሴት፣ ይህ ሀብትሽ በማይፈለግበት በአዲስ አበባ ለጨረታ መሰለፍሽ አይገባኝም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የአንድ ትንሽ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሁኚ። ቦርድ ሰብስቢ፣ ደመወዝ የዘገየበትን ሠራተኛ ፊት ለፊት አነጋግሪ፣ የዞኑ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ፕሮጀክትሽን ሊገመግም ሲመጣ ጥያቄውን አንቺ መልሺ። አማካሪ የሚሸጠው ፍርዱን ነው፤ ፍርድ ደግሞ ውሳኔው በራስ ላይ ሲደርስ የሚገኝ ነገር ነው። ፈቃዱና የግብር መለያ ቁጥሩ ቀላሉ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የአማካሪ ክፍያ ተቆራርጦ እንደሚመጣ፣ የመጨረሻውም ክፍል የመጨረሻው ዘገባ እስኪጸድቅ እንደሚያዝ አትርሺ፤ የቤት ኪራይ ያለባት የልጆች እናት ያለ ስንቅ የምትገባበት አይደለም።

እዚህ የማማክረው አንድ የሴቶች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሊቀጥር ነው። ደመወዙ ከነበረሽ ያንሳል፤ ይህን አልደብቅሽም። መዝገቡም ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። ወዳጅነታችንን ለቦርዱ አሳውቄ ከቅጥር ኮሚቴው ስለምወጣ እንደማንኛዋም አመልካች ትወዳደሪያለሽ። ማስታወቂያው እንደወጣ እልክልሻለሁ፤ እስከዚያው ሲቪሽን ስታዘጋጂ የኖርሽበትን የሥራ መደብ ከመዘርዘር ይልቅ ስንት ለጋሽ ያለበትን በጀት እንደመራሽና የትኛው ኦዲት በእጅሽ እንዳለፈ ጻፊበት።

ናፋቂሽ፣
ከጅማ